ወንዝ የማያሻግረው መድኃኒት

ውሻው የነከሰው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ባሌ ነበር። ሌላው ከጥጥ እርሻው ለገበያ ወጥቶ እኔ ቤት ምሳውን የበላ፣ ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከከባድ መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ባሌ ደግሞ አጠገቧ ባለው ጋራዥ መካኒክ ነው። ሠራተኛው በልቶ ሲያበቃ የቆመ ተሳቢ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ውሻው ከየት መጣ ሳይባል ጉንጩን ያዘው። ባሌ የጎማ መፍቻ ይዞ ሊያስጥል ቢሮጥ ዞሮ የሱን ባት ዘነጠለው። ከዚያ ለሃጩን እያዝረከረከ ከከተማው ጥግ ወዳለው ገደል ሄደ፤ ሁለተኛ ያየው የለም።

የኛ ከተማ ሰው ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው። አንዱ ሾፌር የፍሬን ዘይት በጣሳ ይዞ መጣ፤ ይሄ የፈሰሰበት ቁስል አመርቅዞ አያውቅም ብሎ ይምላል። ከሐረርጌ የመጣችው ጫት ሻጭ ነጭ ሽንኩርት ከሚጥሚጣ ጋር ወቅጣ ደረሰች። አፋሯ ጎረቤቴ ምድጃዬ ውስጥ ብረት ከትታ ታግላለች። "ወላሂ እልሻለሁ፣ አሁኑኑ ካልተተኮሰ ወደ ልብ ይሄዳል" አለችኝ። ሁሉም ከልባቸው ነበር፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ምስጋና አልነበረኝም። ገፍትሬያቸው ሁለቱን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው።

ነርሷ ቁስላቸውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥባ አጥባ፣ ክትባቱ እዚህ እንዳለቀ ነገረችን። እዚያው ስልክ ደውላ ሰመራ መኖሩን አረጋገጠችልን። "ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ። ይሄ በሽታ አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም" አለች። ምልክቱ ምንድን ነው ብላት፣ ውሃ መፍራት ነው አለችኝ። ባልጠየቅኳት ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ምግብ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። የእብድ ውሻ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ከደጋ ወርደው ከተማችን ከከረሙ ቆይተዋል፤ ሾፌሩም ጋራዡም ሲያልፉ ይነሣላቸዋል። ሥሩ ምን እንደሆነ ለማንም አይናገሩም። ዱቄቱን በወተት በጥብጠው ሁለቱንም ከአንድ ኩባያ አጠጧቸው። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ጨርሶ እስኪሽርላችሁ ወንዝ እንዳትሻገሩ። ወንዝ ከተሻገራችሁ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁበትም" አሉ።

ከአዋሽ ሰመራ ሲኬድ የሚሌ ወንዝ አለ፤ የሎጊያ ወንዝ አለ። ሳይሻገሩ የሚደረስበት መንገድ የለም።

ሠራተኛው መርቋቸው ወደ እርሻው ተመለሰ። ባሌ ደግሞ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለየው ሰውዬ፣ ሰመራ አልሄድም አለኝ።

"ሁለቱንም ብታደርግ ምን ትሆናለህ?" አልኩት።

"ሁለቱ አይሆንማ! የጠጣሁትን ላርክሰው?"

"ይርከስ!"

"ተይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ። ብሞት ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?"

እናቱም በስልክ አገዙት። ጮኽኩ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ ምግቡን ጨው አልባ አቀረብኩለት፤ ንቅንቅ አላለም። ቁስሉ እየሻረ ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ ተኩራራብኝ። እኔ ግን ውሃ ባነሣ ቁጥር ዓይኔን ከጉሮሮው አልነቅልም ነበር። ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እኔ ነኝ የምተነፍሰው። በዚያ ዓይነት ፍርሃት መኖር ለጠላቴም አልመኝ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "እሺ፣ አንተ አትሻገር፤ መርፌው ይሻገር። አምጥቼ እዚሁ ትወጋለህ" አልኩት። ትንሽ አሰበና መርፌ እንዳይሻገር የተባለ ነገር እንደሌለ አመነ። ትልቁን ፔርሙስ በበረዶ ሞልቼ፣ ደንበኛዬ በሆነ ሾፌር መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ፔርሙሱን እስከ ሰመራ ድረስ ታቅፌው ነበር።

ሰመራ ስደርስ ሙቀቱ ዓይን አያስገልጥም። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ክትባት የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ከመጨረሻው ሰው አጠገብ ልቀመጥ ስል ፊቱን አየሁት። ሽማግሌው ናቸው። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የግራውን እጅጌ እስከ ትከሻቸው ሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ።

ሙቀቱ አናቴ ላይ የወጣ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም፤ ውሻው ባሌን ሲይዘው እንኳን እንደዚያ አልደነገጥኩም።

"አባባ... እርስዎ ነዎት?"

ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። "የገዛ ውሻዬ ነው የነከሰኝ" አሉ።

"ወንዙስ?"

"ተሻገርኩት።"

ጮኽኩ። በር ላይ የነበረው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኽኩ። ባሌ እርስዎን አምኖ ቤቱ ተቀምጧል፤ እርስዎ ለነፍስዎ እዚህ ድረስ መጥተዋል፤ እንዴት አስቻለዎት አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ። "ሲነክሰኝ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። የዳነ ሰው ተመልሶ ይመርቀኛል። ያልዳነ አይመጣም። እገሌ ሞተ ሲሉኝ ደግሞ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነዋ እላለሁ። ስጠይቅ እውነትም ተሻግሯል። እዚህ አገር የማይሻገር ማን አለ? ሁሉም ሾፌር፣ ሁሉም መንገደኛ ነው።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብቻ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለካ የዳኑት የነከሳቸው ውሻ ጤነኛ ስለነበር ነው። ይህን ሁሉ ዘመን፣ የሞተው ሁሉ በራሱ ጥፋት እንደሞተ ሲነገርለት ኖሯል።

የክፍሉ ነርስ ወጥታ የመጣሁበትን ስነግራት፣ ፔርሙሴን አይታ ሳቋን ዋጠች። "እህቴ፣ ይሄ ክትባት በፔርሙስ አይሄድም። ሰውየውን አምጪልኝ" አለች። ስልኬን አውጥቼ ለባሌ ደወልኩና ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉት። "ተሻገር። አዎ፣ እኔ ነኝ የምልህ። እኔም ተሻግሬ ነው ያለሁት።"

ባሌ በማግስቱ መጣ። ሚሌ ላይ ዓይኑን መጨፈኑን፣ ሎጊያ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ትንፋሹን መያዙን እጁን እየተወጋ ነገረኝ። ሳቅኩበት፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ከነከሰው ሰንብቶም ቢሆን መጀመሩ ይሻላል ብላ ነርሷ አበረታታችን፤ የቀሩትን መርፌዎች ሰመራ እየተመላለሰ ጨረሰ። ይኸው ዛሬም ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ዛሬም ውሃ ሲጠጣ አየዋለሁ።

የጥጥ እርሻው ሠራተኛ ግን ስልክ አልነበረውም። መጀመሪያ ከሰመራ በተመለስን ማግስት ሽማግሌውና እኔ ባጃጅ ተከራይተን የእርሻው ሠራተኞች ሰፈር ድረስ ሄድን። ከአንድ ቀበሌ አብረውት የመጡት ጓደኞቹ መጠለያው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሽማግሌውን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ፤ አንደኛው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ያ ልጅ የት አለ?" አልኩ።

ጓደኞቹ ቀብረውታል። መጀመሪያ ጉንጬን ወረረኝ አለ፤ ቀጥሎ ውሃ ሲያመጡለት መጮህ ጀመረ፤ ጤና ጣቢያ አድርሰውት እዚያው አረፈ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው፣ መልሱን እየለመኑ በሚመስል ድምፅ፣ "ወንዝ ተሻግሮ ነበር?" ብለው ጠየቁ።

ጎንበስ ያለው ጓደኛው ቅር አለው። "ምን ነካዎት አባባ!" አለ። "አገሬ እገባለሁ፣ እዚያ ልታከም ብሎ ሲነሣ እጁን ይዘን ያስቀረነው እኛ ነን። ካቦውን ለምነን ሥራውን እንኳን ከወንዙ ወዲህ አስደረግንለት። ወንዝ ቀርቶ የመስኖውን ቦይ አላሻገርነውም።"