ናፍጣ የማትጠጣው መኪና

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ኮልፌ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሹፌር ነበርኩ። ዱቄት ጭነን አስኮና ሳንሱሲ ላሉ ዳቦ ቤቶች እናደርሳለን። መኪኖቻችን ሁሉ የናፍጣ ናቸው፤ ጠዋት ሲነሱ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል።

አንድ ቀን ባለቤቱ ከውጭ ያስመጧትን አዲስ መኪና ግቢ አስገቡ። አፍንጫ የላትም። ሞተር ፍለጋ ጎንበስ ብንል ከጭነቱ ወለል ሥር የተደረደሩ ትልልቅ ባትሪዎች ብቻ አየን። በአገሯ ወተት ታመላልስ ነበር አሉን።

«በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው» አሉ ባለቤቱ።

የሹፌሮች አለቃችን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ታዲያ ሽቦዋን ማን ይጎትትላታል?» ሲሉ ግቢው በሳቅ ሞላ።

እኔ ግን ልቤ ወደዳት። ቁልፉን ሳዞር ምንም ድምፅ የለም። አልተነሳችም ብዬ ፔዳሉን ብረግጥ ሸርተት ብላ ሄደች! ማርሽ የለ፣ ጭስ የለ። ገበያ መሃል ስገባ ሰው ስለማይሰማኝ ክላክሱን ሳላቋርጥ እጫን ነበር። ደስታዬን ለአለቃዬ ብነግራቸው አልተቀበሉኝም።

«የራሷን ሆድ መሸከም የከበዳት የሰው ዕቃ መቼ ልትሸከም ነው?» አሉ።

እውነትም ባትሪዎቹ ስለሚከብዱ የምትጭነው ከሌሎቹ ግማሹን ነበር። ዳገት ላይ ደግሞ ትደክማለች። ስለዚህ ለቅርብ ለቅርቡ ብቻ ተመደበች።

ከዚያ ነዳጅ ተወደደ። ታክሲዎች አድማ መቱ፤ እኛም ከእነሱ ጋር መኪኖቻችንን አቆምን። በዚያው ሰሞን ከአስኮ አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት በእግራቸው መጡ።

«ዱቄት አልቆብኛል። ለራሴ አይደለም፤ ዳቦ የማቀርብለት ሆስፒታል የተኙት ነገ ምን ይበላሉ?» አሉ።

«አባባ፣ በኤሌክትሪኳ ብሄድስ? እሷ ነዳጅ አትጠጣም» አልኳቸው አለቃዬን።

ዱቄቱን አስጫኑና «ብቻህን አትሄድም» ብለው ጋቢና ገቡ።

ማዞሪያው ላይ ባለታክሲዎች መንገድ ዘግተው ነበር። «ሥራ ቆሟል ሲባል አልሰማችሁም?» ብለው ከበቡን። እኔ መኪናዋን አቆምኩ። ሽማግሌው ግን በመስኮት ብቅ አሉ።

«ለበሽተኛ ዳቦ ነው ልጆቼ። ደግሞ አድማው በነዳጅ አይደል? ፈትሹ፤ ጠብታ ብታገኙባት እኔው ክብሪት እለኩስባታለሁ!»

አንዱ ከሥሯ ገብቶ የነዳጅ ጋኑን ፈለገ። ሌላው ጭስ ማውጫውን። ሁለቱንም አጥተው ሲወጡ ሳቁ፤ መንገዱም ተከፈተ። እንዲያውም የዚህችን ጉድ እንይ ብለው ከኋላችን በሩጫ ይከተሉን ጀመር።

የአስኮ ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናዋ ዝግ እያለች መጣች። የባትሪው መርፌ ወደ ታች ይወርዳል። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ!» ይላሉ አለቃዬ ዳሽቦርዱን እየደባበሱ። አልሆነም፤ ቆመች።

ያኔ ከኋላ አንድ ባለታክሲ «ሸክሟን እናቅልላት!» ብሎ ጮኸ። ጆንያ እየተቀባበሉ ግማሹን ጭነት በትከሻቸው አደረጉ። እንደገና ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ተንቀሳቀሰች! እኛ ያለ ድምፅ ወደ ላይ፣ ባለታክሲዎቹ ዱቄት ተሸክመው እየጨፈሩ ከኋላ። ጫፍ ላይ መልሰው ጫኑልን። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሴትዮዋ እልል አሉ።

መርፌው ግን መጨረሻው ላይ ደርሷልና መኪናዋን እዚያው አሳድረን በእግር ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ያወሩት አለቃዬ ነበሩ።

«ተቀያሪ ባትሪ ቢኖራት እኮ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላ ነበር! ዳገቱን በግማሽ ጭነት፣ ሜዳውን በሙሉ... አየህ?»

ሁለተኛው ባትሪ መቼም አልመጣም፤ የነበረውም ቆይቶ ሲደክም ምትክ አልተገኘለትም። እኛ ግን ያን ምሽት አላወቅንም። በነጋታው ልናመጣት ስንሄድ አለቃዬ ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ።

«ቁልቁለቱን እኔ ነኝ የምነዳት» ብለው መሪውን ጨበጡ። ትንሽ አርፋ ነበርና ፔዳሉን ሲነኩት እሺ አለች። እስከ ኮልፌ ድረስ እሳቸው ክላክሱን እየነፉ፣ ለሚያዩን ሁሉ እጃቸውን እያውለበለቡ ወረድን።