ለበሬው የተከመረ ገለባ

እርጥብ ገለባ ሲጨስ ከሸተተኝ እስከ ዛሬ ወደ በሩ እዞራለሁ፤ አባቴ ዱላውን ይዞ የሚገባ ይመስለኛል።

ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ቤታችን ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚያስወጣው ዳገት ላይ ነበር። ንጉሡ ተራራው ላይ ከከተሙ ወዲህ ጥዱ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አልቋል፤ የተረፈውን ዘበኞች ይጠብቁታል፣ መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ይታሰራል። ዛሬ ባሕር ዛፉን እያየህ ይህን ብነግርህ ተረት ይመስልሃል። ኩበት እንዳናነድ ደግሞ በዚያ ዓመት ከብቱ በበሽታ አለቀ። ለአባቴ የተረፈው አንድ ቀይ በሬ ብቻ ነበር። ለእሱ ቀለብ የሚሆን ገለባ ጓሮ ተከምሯል፤ አባቴ ጠዋት ማታ ክምሩን ዞሮ ያያል።

እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ዘምቷል፤ እናታችን በሕይወት የለችም። የመጀመሪያ ልጇን ባለፈው ኅዳር፣ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ብርድ ነጥቋታል። ኅዳር ዳግመኛ መጣ። ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ስታይ ሆዷን በሁለት እጇ ታቅፋለች።

ቤቱን የማሞቂያ ምክር የሰጠችኝ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ናት። «ገለባ ብቻውን ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ጥቂት ጭቃ ሲይዘው ግን እያዘገመ ይነዳል» አለችኝ። አባቴ ከቤት ሲርቅ ከክምሩ ሥር፣ ዐይን ከማያርፍበት በኩል፣ እየመዘዝኩ ወደ እሷ ጓሮ እወስዳለሁ። ከትፈን፣ ከጭቃና ከአመድ ጋር በእግራችን ረግጠን፣ እንደ ኩበት ጠፍጥፈን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ይቆረጥመው ነበር፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ዞሬ መንገዱን አያለሁ።

በስምንተኛው ቀን ክምሩ በጎን ተደረመሰ። አባቴ የረገፈውን ገለባ ዱካ ተከትሎ መጣና የጠፈጠፍነውን ሁሉ ተደርድሮ አገኘው።

«የበሬዬን ነፍስ ነው የጠፈጠፍሽው!» ዱላው ተነሣ።

«ይምቱኝ አባባ። ብቻ እህቴን ሙቀት አይከልክሏት።»

ሸክላ ሠሪዋ በመካከላችን ልትገባ ስትል የእህቴ ጩኸት ከቤት ተሰማ። ምጥ ነበር። የአባቴ እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዱላውን ጣለና ኩታውን አንጥፎ ጥፍጥፉን ይጭንበት ጀመር።

ጥፍጥፉ ግን ገና እርጥብ ስለነበር ምድጃው ውስጥ አልያያዝ አለ። ቤቱ በጢስ ታፈነ፤ እህቴ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። አባቴ እፍ ሲል ቆይቶ በድንገት ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ቀንበሩን ይዞ ነበር፤ ከአባቱ የወረሰውን። ደጃፉ ላይ በመጥረቢያ ፈለጠው። የደረቀው እንጨት ቶሎ ተያያዘ፤ በላዩ ጥፍጥፉ ቀስ እያለ ቀላ፣ ፍም ሆነ፣ ግድግዳው ሳይቀር ሞቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴት ልጅ ተወለደች።

በሬው በጥር ወደቀ። ያ ገለባ ቢኖር ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴንም መጠየቅ አልደፈርኩም። በሬው በሞተበት ቀን አባቴን ጋጣው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ የሕፃኗን ሁለት እግሮች በመዳፉ ይዞ አገኘሁት።

ቀና ብሎ አየኝና «ሞቋታል» አለኝ።