የጽጌ እሬት ተረፈ

ዛሬ ጠዋት የእሬቱን ቅጠል በጣቴ ስጫነው ጠንክሮ ጠበቀኝ። ተመስገን፣ ተርፏል!

እሬቱ የልጄ የጽጌ ነው። ለውትድርና ስትሄድ "አባዬ፣ አደራ" ብላ መስኮቱ ላይ ትታልኝ ሄደች። በየስንት ጊዜ ውሃ እንደማጠጣው በስልክ ስጠይቃት፣ በዕብራይስጥ "ፓአም ቢሽቩአይም፣ ቤሰደር?" አለችኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማለቷ ነው ብዬ "ቤሰደር"፣ እሺ፣ አልኩ።

ቅጠሎቹ ለስልሰው ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩለት። ባሰበት።

ባለፈው ወር ከሸክላው አውጥቼ አየሁት። አፈሩ ጭቃ፣ ሥሩ ግማሹ ጠቁሮ ይሸታል። የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን ጥላ ሥር አድርቄ በደረቅ አፈርና ከሱቅ በገዛሁት ሻካራ አሸዋ መልሼ ተከልኩት። ጎረቤቴ ከክርያት ያም የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላምጣልህ ቢለኝ፣ ጨው አለበት ብዬ ከለከልኩት። ውሃ ማብዛቱንም ተውኩ።

ዛሬ ጽጌ ለእረፍት መጣች። በሳምንት ሁለቴ ሳጠጣው እንደነበር ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

"አባዬ፣ እሱ እኮ በሁለት ሳምንት አንዴ ማለት ነው! በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ፓአማይም በሻቩአ እልህ ነበር።"

አባቷን እንደ እኩያ "እልህ" ማለቷን ለዛሬ አለፍኩላት። ዕብራይስጡን ያለ አስተማሪ ከሬዲዮ ነው የተማርኩት፤ አሁንም ቶሎ ቶሎ መናገሯ ነው ጥፋቱ እላለሁ።

ሸክላውን ስታነሣ ልትወስድብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አገላብጣ አየችውና መልሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

እናንተስ፣ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ተምታቶባችሁ ምን አበላሻችሁ? ጻፉልኝ፤ ለጽጌ አነብላታለሁ።