ለእሑድ ንጋት የቆየ መርዶ

ልጄ ለኮሌጇ ጎልፍ ትጫወታለች። ይህን ለአባቴ በስልክ የነገርኩት ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ "ጎልፍ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው" አልኩት።

"ማን ያሸንፋል?"

"ጥቂት ጊዜ የመታ።"

ሳቀ። "ጥቂት የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ? ይሄማ የተባረከ ነው፤ ትጫወት!" ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ "የልጅቷ ዱላ እንዴት ሆነ?" ይለኝ ነበር። የልጅ ልጁን በአካል አይቷት አያውቅም። የስደተኛነት ወረቀቴ እዚህ ጆሃንስበርግ አስሮ ስላስቀረኝ እኔም ሄጄ ላየው አልቻልኩም። ጎልፉ ግን በየሳምንቱ ያገናኘን ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም። ቮስሎሩስ ሰፈር ባለችው፣ እዚህ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጥኩ የኮሌጁን ልጆች ውጤት እከታተላለሁ። የልጄን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካቻምና ተመርቆ ፕሮፌሽናል የሆነ አንድ ረጅም ልጅ አለ። ስሙ ሰንጠረዡ ላይ ቁልቁል ሲወርድ፣ "አንተ ረጅም፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ!" እያልኩ ስልኬ ላይ እጮኻለሁ። ሁሉም በዙሉ ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው አሮጊት ደንበኛዬ፣ ሳንቲማቸውን ባንኮኒው ላይ ሳያስቀምጡ "ልጆቻችን ዛሬስ እንዴት ዋሉ?" ይሉኛል። የጎልፍ እውቀታችን እኩል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ እልል እንላለን፣ ሲበዛ "ኢሽ!" ብለን አንገታችንን እንነቀንቃለን።

ውድድሩ ቅርብ ቦታ ሲሆን ሱቁን ለጓደኛዬ አደራ ሰጥቼ ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ። ቆሎ እይዛለሁ። የቡድኑ አሰልጣኝ ፀሐይ ፊታቸውን ያቀላው ነጭ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ቆሎውን አይተው "የወፍ ምግብ ነው?" አሉኝ። አሁን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ኪሳቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ልጄ ግን ከተመልካቾች ገመድ ወዲያ ራቅ ብዬ እንድቆም አዝዛኛለች። ምክንያት አላት። አንድ ጊዜ ዱላዋን ባነሳችበት ቅጽበት "በኢየሱስ ስም!" ብዬ ስለጮኽኩ ኳሷ ኩሬ ገባች። "እማ፣ ጸሎትሽን ቤት ጨርሰሽ ነይ" አለችኝ።

ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ጠዋት "ዛሬ የዱላ ቦርሳዬን ጋሪ አንቺ ትገፊልኛለሽ፤ ከጎኔ እንዳትጠፊ" ስትለኝ ጆሮዬን ያላመንኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አዲሱን ጫማዬን አደረግሁ።

ያን ቀን እኔ የማላውቀውን ለእናንተ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አባቴ በዋዜማው፣ ዓርብ ዕለት፣ አርፏል። ወንድሜ ለእኔ አልደወለም፤ ደንቡም አይደለም። የደወለው ለቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ልጄ ኮሌጅ ሳለች ደውለው ነገሯት። እሑድ ንጋት ላይ፣ የአገራችን ሰው ከየሰፈሩ ሱቁን ዘግቶ ሲሰበሰብ እኔ መርዶዬን እንድረዳ፣ እስከዚያ ግን ከማንም አፍ እንዳያመልጥ ተስማሙ። የቅዳሜው ጨዋታ የአማተሮቹ፣ ገና ፕሮፌሽናል ያልሆኑት፣ ውድድር የመጨረሻ ቀን ነበር። ከፊት ሆነው የጨረሱት ጥቂቶች በሚቀጥለው ወር ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ይሰለፋሉ። አባቴ "ከትልልቆቹ ጋር የምትገጥመው መቼ ነው?" እያለ ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው። ልጄ "ልተወው፣ አልችልም" ብላቸው ነበር። "ብትቀሪ እናትሽ ወዲያው ትጠረጥራለች" አሏት። ሱቅ ብውልም አንዱ የአገር ልጅ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እያለ መግባቱ ነው፤ አለዚያም የአባቴ ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ብቅ ማለቱ ነው። ስለዚህ አጠገቧ አድርጋ ልትጠብቀኝ ወሰነች። ዓርብ ማታ ቤት ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ጉንፋን ነው" አለችኝ፤ ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት።

ጠዋት መኪናው ውስጥ ስልኬን ተቀበለችኝ። "ዛሬ ስልክ ክልክል ነው።" ሜዳው ስንደርስ አንድ ሰውዬ ቆሞ ያወራል። "ታዲያ ያ ጆሮው ላይ የለጠፈው ምንድን ነው? ሳሙና ነው?" አልኳት። "እሱ ዳኛ ነው" አለች። ሳንድዊች እየበላ የሚዳኝ ዳኛ ያን ቀን አየሁ።

የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ስለሆነ ሳሩ ቢጫ ሆኗል። ከዛፎቹ ማዶ የድሮው ወርቅ ማውጫ የአፈር ክምር ይታያል። ሀዲዳ የሚሏቸው ወፎች ልጆቹ ሊመቱ ባሉ ቁጥር ይጮኻሉ። እኔን ነው እንጂ ዝም በዪ የሚሉኝ፣ ወፎቹን ማንም አይናገራቸውም! ልጄ ግን ምንም አልሰማችም። ጥርሷን ነክሳ ትመታለች፣ ትራመዳለች፣ ደግማ ትመታለች። በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበረች። አንዷ ኳሷ እንዲያውም ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች።

"እሰይ የእኔ ልጅ! ይሄን ለአባባ ስነግረው! እንደጨረስን ስልኬን ስጪኝ፤ ሆሳዕና ደውዬ አስቀዋለሁ።"

"እሺ እማ" አለችና ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ቀጥሎ የመታቻት ኳስ ዛፎቹ ውስጥ ገባች። እኔም አላረፍኩም። "ምን ነካሽ? ሲያመሰግኑሽ ነው እንዴ የሚብስብሽ?" ብዬ ቆሎ ዘገንኩላት። ተቀብላኝ፣ አንዲት ፍሬ ሳትቀምስ፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

አሰልጣኙ መንገድ ላይ ጠበቁን። ቆሎ ስዘረጋላቸው ቆሎውን ትተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። "እኚህ ሰው ዛሬ ምን ሆነዋል? ቆሎው አሮብኝ ይሆን?" አልኳት ለልጄ። "ደክሟቸው ነው" አለች። ለደከመው ሰው ደግሞ ከሩቅ እጄን እያወዛወዝኩ "አይዞዎት!" አልኳቸው።

መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ነገሩ ለእኔም ገብቶኝ ነበር። ይህቺን ካስገባች ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ትሰለፋለች፤ ከሳተች የለችም። በኳሷና በጉድጓዱ መካከል አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እንዳልጮኽ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጎንበስ አለች። ከመምታቷ በፊት ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ "አባት ሆይ፣ ይህቺን ብቻ" አልኩ በሆዴ።

ኳሷ የጉድጓዱን ከንፈር ልሳ አለፈች።

ልጄ እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስንት ጊዜ ተሸንፋ አይቻታለሁ፣ አልቅሳ አታውቅም። ቦርሳውን ጥዬ ሮጥኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ራሷን ደረቴ ላይ አስጠጋሁ።

"አይዞሽ የእኔ እናት፣ አይዞሽ። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ኳስ እኮ ነው! ሰው አልሞተ!"

ቀሚሴን ጨብጣ የባሰውን አነባች። አሰልጣኙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። ተናደድኩባቸው፤ ምናለ መጥተው አንድ ቃል ቢናገሯት! እኔው ቀጠልኩ። "ለአባባ እኔ እነግረዋለሁ። አይከፋውም። 'በሚቀጥለው ታስገባዋለች' ነው የሚለው።" ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ ከኋላ ያሉት ተጫዋቾች እስኪደርሱብን ድረስ ተቀመጥን።

እሑድ ንጋት ላይ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ ለባብሳ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ እጄ በእጇ ውስጥ ነው። ሳሎን ስወጣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። "አባባ ነው?" አልኩ። ከዚያ በኋላ ጩኸቴን ሌሎች ናቸው የሰሙት።

ቤቱ በሰው ሞላ። ከሰዓት በኋላ የኮሌጁ ልጆች የቡድኑን ኮት ለብሰው መጡና ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ያ ረጅሙም መጣ፤ ጉልበቱን የሚያደርግበት ጠፍቶት ሲቸገር አይቼ በለቅሶዬ መሃል አሳዘነኝ። ጎጎ ከቮስሎሩስ ታክሲ ይዘው መጥተው በዙሉ ዘመሩልኝ። አሰልጣኙ ጥግ ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ቆሎ አንድ በአንድ በሉ።

ሰዉ ቀለል ሲል ልጄ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ሜዳ ላይ 'ሰው አልሞተ' ያልኳት ቃል ቀኑን ሙሉ ሲከተለኝ ነበር የዋለው፤ ማንሳቱን ግን ፈራሁ። ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

"መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ ደንባችን ይሄ ነው። ለአንቺ ሲነግሩሽ ማን ነበር አብሮሽ?"

"ማንም" አለች፣ ከሳህኑ ቀና ሳትል። "በማግስቱ ግን አንቺ አቅፈሽ አይዞሽ አልሽኝ።"