ዱላ ያልያዘ መልእክተኛ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኮምፒውተር ከሌባ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ተማሪዎቹን «የምታውቁት ቢመጣም ሳታጣሩ አታስገቡ» ይላቸዋል። ለዚህ ያን ሁሉ ዓመት መማሩ ይገርመኛል። እኛ ራያዎች ምልክት ላልያዘ መልእክተኛ እንኳን በሬ ዶሮም አንሰጥም፤ እኔ ይህን ፊደል ሳልጨርስ አውቄዋለሁ።

ባለፈው ቆቦ መጥቶ ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ አስቀመጠና ያባቱን ዱላ ይዞ ዋጃ ለቅሶ ሄደ። የተማሪዎቹ ፈተና ውስጡ ነው። «ሰው ከላክሁ ያባቴን ዱላ አስይዤ ነው» አለኝ።

በማግስቱ አንዲት ዘናጭ ሴት የቆርቆሮ በሬን አንኳኳች።

«እማማ፣ መምህር ልኮኝ ነው። ኮምፒውተሩን ይስጡኝ፤ ፈተናው ነገ ነው።»

«ዱላውስ?»

«የምን ዱላ?»

በሩን መልሼ ቀረቀርኩት። ስልክ ደውላ በበሩ ስንጥቅ አቀበለችኝ። የልጄ ድምፅ ነው።

«እማ፣ አለቃዬ ናት። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ስጫት።»

«ድምፅ ዱላ አይደለም» ብዬ ስልኩን መለስኩላት። ውሃ ግን አልከለከልኳትም።

ከቀትር በኋላ ልጄ ራሱ እየተንጨረጨረ ደረሰ።

«እማ፣ ክፈችልኝ። አዋረድሽኝ እኮ።»

በስንጥቁ አየሁት፤ እጁ ባዶ ነው።

«ዱላህስ?»

«ለቅሶ ቤት ረሳሁት።»

«እንግዲያው የተዋረድከው እጅህን እያወዛወዝክ ስትመጣ ነው።»

ሴትዮዋ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቋን ለቀቀችው። «መምህር፣ ሳታጣሩ አታስገቡ የምትለው አንተ አይደለህ?» አለችው።

ልጄ ሚኒባስ ይዞ ወደ ዋጃ ተመለሰ።