የሁለት ሽማግሌዎች ሙግትና የኔ ቅጠል

ነጋዴ ነኝና ከወጪው ልጀምር። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ቫን ሙሉ ቅጠልና ጄኔቭ ውስጥ የነበረኝን አንደኛ ደንበኛ አስከፍላኛለች። ቃሏን የተማርኳት በነጻ ነው። በነጻ የሚሰጥ ነገር ውድ እንደሆነ መርካቶ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር።

ቅጠል ነጋዴ ስል ጫት የሚመስለው አይጠፋም። የኔ ቅጠል አይቃምም። በሠርግና በግብዣ ጠረጴዛ ላይ አበባ መሀል የሚሰካ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሸቀጤ ነው፦ ፈርን፣ ሐረግ፣ ጽድ፣ ከሁሉም በላይ ባሕር ዛፍ።

ሥራውን የጀመርኩት ከምርጫ ዘጠና ሰባት ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዙሪክ በሚገኝ የአበባ ጅምላ ገበያ ባልዲ ተሸካሚ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩዲ የሚባለው አለቃዬ አንድ ትልቅ እስር ቅርንጫፍ አስታቀፈኝ። አሸተትኩት። እንጦጦ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት፣ ግማሹን በአፌ ግማሹን በእጄ።

«ኦይካሊፕቱስ። ከጣሊያን የመጣ። ቀስ ብለህ ያዘው፣ ውድ ነው!»

በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት በሴቶች ጀርባ ለማገዶ የሚወርደውን ዛፍ እንደ ክርስትና ልጅ አቅፌ ገበያውን አቋረጥኩ። የሰፈሬ ልጆች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ማታ ላንግሽትራሰ ወዳለችው ክፍሌ ስገባ ግን ቀና ብዬ ነው። ማገዶ ለሙሽራ የሚሸጥበት አገር ነጋዴ አይራብበትም።

ሩዲ ቁጡ ነው፣ ሥራውን ግን ያስተማረኝ እሱ ነው። ግንዱን በሰያፍ ቁረጥ። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ ግፈፍ። እስሩን በላስቲክ ያዝ እንጂ አታንቀው። ፀሐይ አታሳየው። «ቅጠል ከተቆረጠ በኋላ ሟች ነው» ይለኝ ነበር፤ «ያንተ ሥራ ቀብሩን ማዘግየት ነው።»

ከተሸካሚነት ወደ አሳሪነት፣ ከአሳሪነት ወደ ሾፌርነት አደግኩ። ከዚያ የራሴን ቫን ገዛሁ። ማቀዝቀዣ የላትም፣ ጥላ ግን ታውቃለች። ጎሕ ሲቀድ ዙሪክ እጭናለሁ፣ ከቀትር በፊት ጄኔቭ አራግፋለሁ። ሁለቱ ከተሞች አንዱ ሌላውን አይወድም፣ ዋጋውም አንድ አይደለም። በዚህ ልዩነት ነበር የምኖረው።

ጄኔቭ ካሉት ደንበኞቼ ትልቋ ሚሲስ ዌብ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፣ ግብዣ የሚያስጌጥ ድርጅት የግዢ ኃላፊ። ቅጠል በአፍንጫዋ የምትመረምር ሴት ናት። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ደንበኞቼ የዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ቅጠል ብቻ አይበቃቸውም፣ የሚያወሩት ነገር ይፈልጋሉ። በየእስሩ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ስም ያለበት ካርድ ስቀልልኝ፣ ከሥሩም የቃሉን ታሪክ በአንድ መስመር።»

«የቅጠሉን ታሪክ?»

«የቃሉን! አረንጓዴን ነገር ለማወደስ የምንጠቀምባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ። ካማረልኝ የዓመት ውል እንፈራረማለን።»

የኔ እንግሊዝኛ ዋጋ ጠርቶ ዋጋ ይቀንሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ እዚያው ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ንጉሤ ዕድሜ ልካቸውን ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ሲተረጉሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥም ከረባት ያስራሉ።

«ስማ ደረጀ» አሉኝ፣ ካርዱን ሳይነኩ፤ «እንግሊዝን ፈረንሳይኛ የሚናገር መስፍን ከባሕር ማዶ መጥቶ ያዛት። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሣር ሁለት ስም ወጣለት። ገባሩ ሜዳ ላይ ቆሞ <ግራስ> ይለዋል። ጌታው ከሰገነት ቁልቁል እያየ <ቨርዱር> ይለዋል።»

«የሚያጭደውስ ማነው?»

«ገባሩ ነዋ!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የጌታ ቃል ይወደዳል፣ የገባር ቃል ይረክሳል። በማግስቱ አንዱን ባሕር ዛፍ ሁለት ቦታ አሰርኩት፤ በአንዱ ላይ «ግሪን» ብዬ፣ በሌላው ላይ «ቨርዱር» ብዬ ጻፍኩና በዚህኛው ላይ ዋጋ ጨመርኩበት። ቀድሞ ያለቀው «ቨርዱር» ነው። ቅጠላ ቅጠል ማለት የሆነችው «ፎሊየጅ»ም የፈረንሳይ ዘመድ ስላላት ደህና ተሸጠች።

የገባሩን ቃላት ታሪክ ግን ጋሽ ንጉሤ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። «ለሱ ሌላ ሰው ጠይቅ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የትኛው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጋሽ አበራ ናቸው። ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ይኖራሉ፣ ዙሪክ በሚገኝ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለሥራ አስኪያጁ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ከጋሽ ንጉሤ ጋር አዲስ አበባ አንድ ዴስክ ላይ ተምረዋል፣ አንድ ሰሞን ተሰደዋል፣ ፋሲካን ሁልጊዜ አብረው ይፈስኩ ነበር። ምርጫ ዘጠና ሰባት መጣና አንድ ስብሰባ ላይ ተቃቃሩ። ማን ማንን እንደደገፈ አልጽፍም፤ ቅጠል የሚገዙኝ ሐበሾች በሁለቱም ወገን አሉ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ አንዱ በአንዱ ጥግ፣ ሌላው በሌላው ጥግ ነው።

«ማን ነው የላከህ?» አሉኝ ጋሽ አበራ፣ ያሳየኋቸውን የ«ቨርዱር» ካርድ እያዩ።

«ሥራዬ ነው ጋሼ።»

«ቨርዱር የሚል ቃል ያስጻፈህ ሰው ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው።»

«ጠይቄ አይደለም» አሉና መጽሐፍ ከፈቱ። «ግሪን፣ ግራስ፣ ግሮው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መብቀልና አረንጓዴ መሆን ድሮ አንድ ሥር ነበራቸው። ጎረቤቴ ጀርመንኛ ተናጋሪው <ግሩን> እያለ ዛሬም ይመሰክራል። ጌታው መጥቶ ስም ከማውጣቱ በፊት ሣሩ በቅሎ አያውቅም ነበር? ንገረው ለዚያ ሰውዬ!»

ከዚያ «ስዋርድ»ን አመጡ። ጥቅጥቅ ያለ የሣር ምንጣፍ ነው። ድሮ ግን ቆዳ ማለት ነበር፣ በተለይ የአሳማ። «እዚህ ሥጋ ቤት ገብተህ <ሽቫርተ> በል፣ ምን ጠቅልለው እንደሚሰጡህ ታያለህ። ሣር የመሬት ቆዳ ነው ብለው ነው።»

ለጋሽ ንጉሤ ይህን ሳደርስ ከወንበራቸው ተነሡ። «በሑዳዴ የአሳማ ቆዳ? እሱ ካርድ ላይ ከተሰቀለ እኔ የሰጠሁህን ሁሉ አውርድ!»

ሚሲስ ዌብ ግን ወደደችው። ሰቀልኩት፤ ጋሽ ንጉሤ ሲመጡ ብቻ እገለብጠዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። ዙሪክ ስጭን «ለዚያ ሰውዬ ንገረው»፣ ጄኔቭ ሳራግፍ «ለዚያ ሰውዬ መልስለት»። ቅጠል ነጋዴ መሆኔ ቀርቶ ፖስታ ቤት ሆንኩ። መልእክቱ ስለ ሣር ነው ይባላል እንጂ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ «ጉልበቱን ታክሟል?» የምትል ትገባለች። «ጠይቄ አይደለም» ትከተላታለች።

ሰኔ ላይ ሚሲስ ዌብ የዓመቱን ትልቅ ግብዣ ያዘች፣ የአትክልት ቦታ ውስጥ፣ ዓርብ። «ትልቁን እስር <ላሽ> በልልኝ» አለች፤ «የለመለመ፣ የተትረፈረፈ ማለት ነው። ዓርብ ከቀትር በፊት ትኩስ ሆኖ ከደረሰ ውሉን እዚያው እንፈርማለን። ካልደረሰ ሌላ ሰው አለኝ።» እኛ ሰፈር «ላሽ በል» ሲባል ዞር በል ማለት ነው። ያኔ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ጋሽ ንጉሤ ወዲያው ፈረዱ፦ «የፈረንሳይ ናት። ልል፣ ልፍስፍስ ከሚለው። ከልልነት ወደ ጭማቂነት፣ ከጭማቂነት ወደ ለምለምነት አደገች።»

ጋሽ አበራ ሳቁ፦ «ጀርመኑስ ልፍስፍሱን <ላሽ> አይደል የሚለው? የኛ ናት በለው! ሌላ ነገር ጽፈህ ብታገኝ ለእንግሊዛዊቷ ራሴ ነው የምደውልላት።»

ጋሽ ንጉሤም ያንኑ ዛቱ። ምን ላድርግ? ዓርብ ጠዋት መንገዴ ላይ በርን ከተማ አገናኛቸዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፣ ካርዱን እጽፋለሁ፣ እነዳለሁ አልኩ። ሁለቱም እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሁለቱም እሺ ያሉት በጣም ቶሎ ነው።

ጋሽ አበራን ከነወፍራም መዝገበ ቃላታቸው ከፊት አስቀምጬ፣ ቅጠሉን ከኋላ ጭኜ በርን ገባሁ። ጋሽ ንጉሤ በባቡር መጥተው ጣቢያው አጠገብ ካለ ካፌ ተቀምጠዋል። ሰላምታ የለም። ጋሽ አበራ ጃኬታቸውን እንደ ነጠላ አጣፉና ጃንጥላቸውን እንደ ዘንግ ቀሰሩ።

«በላ ልበልሃ!»

ጋሽ ንጉሤ ተነሡ። ከረባታቸው ወደ ትከሻ ተወረወረ። «ተጠየቅ!»

«ዳኛው ማነው?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «እሱ ይሁን፤ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ አያዳላም።»

«ውርርዱስ?» አልኩ፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ።

ድሮ ቢሆን ፈረስ ነው፣ በቅሎ ነው። ጋሽ አበራ ጃንጥላቸውን እያዩ፣ «የተሸነፈ ቀድሞ ስልክ ይደውላል» አሉ።

«ይደውል» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

ያኔ ነው የምን ዳኛ እንደሆንኩ የገባኝ።

ሙግቱ ተጀመረ። አንዱ የፈረንሳይ መሳፍንትን ምስክር ይጠራል፣ ሌላው የዙሪክን ሥጋ ቤቶች። አስተናጋጇ ወደኔ መጣችና በጀርመንኛ «ፖሊስ ልጥራ?» አለች። «ስለ ሣር ነው የሚከራከሩት» ስላት ይበልጥ ደነገጠች፤ እዚያ አገር የሚጨስም ሣር አለ። ሰዓቴን አየሁ። ቫኗ የቆመችበት ጥላ እየሸሸ ነበር። ለአንዱ ፈርጄ ልሂድ? የተፈረደበት ሰው ኩርፊያውን ይዞ ይገባል፣ ስልኩም ይቀራል። መልእክት ሳመላልስ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ልተዋቸው አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ መዝገበ ቃላቱ ተከፈተ። ጋሽ አበራ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «... ምንጩ አይታወቅም፤ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«ምናልባት ብቻ ነው የሚለው።»

ተነሣሁ። «ፍርድ። ከሳሽም ተከሳሽም አላስረዳም። ሁለታችሁም ተረትታችኋል። ሁለታችሁም ደውሉ።»

ተያዩ። ዳኛ ይከበራል። ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ደወሉ። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ይዘው ጠበቁ።

«ተይዟል ይላል» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«የኔም።»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«አንተስ?»

ጋሽ አበራ ቀድመው ሳቁ። ጋሽ ንጉሤ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደባቸውና በከረባታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ምሳ አዘዙ። እኔ ስለ ቀትር ሳስታውሳቸው፣ «አንተ ደግሞ ቅጠል ቅጠል ትላለህ» አሉኝ። ስለ ጉልበት አወሩ፣ ስለሞቱ ጓደኞች አወሩ። ስለ ምርጫው አንድም ቃል አልተነሣም።

ከዚያም መለያየት አልፈለጉም፤ ሁለቱም ከፊት ተጣብበው እስከ ጄኔቭ አብረውኝ ሄዱ።

ሚሲስ ዌብ የኋላውን በር ስትከፍት እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው ነበር። ባሕር ዛፉ ጠውልጎ ተኝቷል፣ ፈርኑ ተጠቅልሏል። «ላሽ» የሚለው ካርድ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጋሽ ንጉሤ በመስኮት ብቅ አሉ። «እመቤቴ፣ ቃሉ መጀመሪያ ልፍስፍስ ማለት ነበር። ከታሪክ አንጻር ዕቃው ትክክል ነው።»

«በዚህ እንስማማለን» አሉ ጋሽ አበራ ከጎናቸው።

«እኔ ያዘዝኩት በዛሬው ትርጉም ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ቅጠሉን ለማዳበሪያ ጣልኩት። ውሉን ሌላ ሰው ፈረመ። እኔ ለትናንሽ አበባ ቤቶች እያደረስኩ ቀጠልኩ፣ እንጀራዬም አልተቋረጠም። ሽማግሌዎቹ በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ የሚስማሙበትም ነገር አገኙ፦ ደረጀ ዳኝነት አያውቅም ይላሉ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆነ ሰው ያለኝ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ አራግፍ፣ ከዚያ ዳኛ ሁን።

ወጪ፦ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ጭነት ቅጠል። ገቢ፦ የታረቁ ሁለት ሰዎች። ሒሳቡ ተዘግቷል።