ታሪኩን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ

በ2003 ዓ.ም. በበልግ ነበር። ዐቢይ ጾም ወደ ማብቂያው ተቃርቧል፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ ቁልቁል ሲያዩት የአባያ ሐይቅ ከወትሮው ይበልጥ ቀልቷል። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላውን ሁሉ እናገርና እዚያ ስደርስ አልፈዋለሁ። መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው ሰው ባለፈው እሑድ ሰማው። አሁን ለእናንተ እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ልጃችን ዮናስ ገና ሲድህ ባለቤቴ ሞተብኝ። እኔ በዞኑ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እየሠራሁ ልጄን አሳደግሁ። ዮናስ በሕፃንነቱ ወባ ይዞት ዓይኑ ሲገለበጥ፣ ይህን ልጅ ከተውክልኝ ቤትህን ያገለግላል ብዬ ለገብርኤል ተሳልኩ። ተወልኝ። ከዚያ በኋላ ልጁ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አድርጌ አሰብኩ።

ዮናስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የዘፈን ቡድን አቋቋመ። "አራቱ ምንጮች" ብለው ሰየሙት። የሚለማመዱት በእኔ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበር። ያላቸው አንድ ጊታር ነው፤ ከበሯቸው ጀሪካን ነበር።

"ሠላሳ ስድስቱ ምንጮች የት ሄዱ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ልብስ እያጠቡ ነው፣ እትዬ" አለ ታሪኩ። "እኛን ለቴሌቪዥን ለቀቁን።"

ታሪኩ የጎረቤቴ የአልማዝ ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ ነበር። ከዶርዜ ወርደው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ይኖሩ ነበር፤ ልጆቹ ከአንድ ትሪ እየበሉ ነው ያደጉት። የቡድኑ ድምፅ ታሪኩ ነበር። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዮናስም ያውቀዋል።

የዶርዜ ወንዶች ሲያዜሙ አንድ ሰው ብቻውን አያዜምም። አንዱ ያነሣል፣ ብዙዎቹ ከሥር ይይዙለታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ታሪኩ ያንን ቀጭን ድምፅ የተማረው በአያቱ ለቅሶ ላይ፣ በትልልቆቹ መካከል ቆሞ ነው። ልጆቹ በአማርኛ አንድ የፍቅር ዘፈን ሠርተው ነበር፤ ታሪኩ መካከሉ ላይ የአያቱን የለቅሶ ዜማ አስገባበት። ሦስቱ ከሥር ሲይዙለት፣ እኔ ደጅ ምስር እየለቀምኩ እጄ ይቆም ነበር። ይህን የምለው ያጠፋሁትን ነገር ምንነት ሳላውቅ እንዳላጠፋሁት እንድታውቁ ነው።

የቴሌቪዥኑ የተሰጥኦ ውድድር ዳኞች ሐዋሳ መጥተው ሲመርጡ አራቱም ሄዱ፤ አለፉም። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ኑ፣ ካሜራ ፊት ትወዳደራላችሁ ተባሉ። ሰፈሩ በሙሉ ተደሰተ። የታሪኩ አባት ለአራቱም የአንገት ልብስ ሊሠራላቸው ሽመናው ላይ ተቀመጠ።

"ቴሌቪዥኑ ባለቀለም ነው አይደል?" ብሎ በአጥሩ ላይ ጠየቀኝ።

"ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ቀለም አልሰስትም" አለና ሳቀ።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ግንቦት ላይ ነበር። ዮናስ ደብተሩን መንካት ትቷል። ሰንበት ትምህርት ቤት መሄዱንም ትቷል። ስናገረው፣ "እማ፣ ፈተናው በየዓመቱ አለ፤ ይህ ግን አንድ ጊዜ ነው" አለኝ። እሺ አልኩት።

ለምን እሺ አልኩ? እናቱ ነኝ፤ አትሄድም ማለት እችል ነበር። ያለ አባት ያሳደግሁት ልጅ እንዲጠላኝ ስላልፈለግሁ ነው። በአፌ እሺ ብዬ፣ በየማለዳው ግን እንዳይሄድ አድርግልኝ እያልኩ እጸልይ ነበር። እኔ ሳልከለክለው ሌላ ነገር እንዲከለክለው ነበር የምለምነው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማል? ዛሬ እንደማይሰማ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ነኝ የመለስኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልማዝ መጣች። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛዋ ወንድና ሴቱን ያምታታል። ደጃፌ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

"ላሚቱ ሞተ፣ እትዬ። ዶርዜ የነበረው።"

"እግዚአብሔር ይተካላችሁ።"

"አሁን ደግሞ ባሌ ተኛ። ይንቀጠቀጣል፤ እህል አይቀምስም። ምን አገኘን?"

ወባ ነበር። አርባ ምንጭ የኖረ ሰው ወባን በሩቁ ያውቀዋል፤ እኔማ ልጄን ሊወስድብኝ የነበረውን በሽታ አልስተውም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው ማለት ነበረብኝ። ብያታለሁም፤ ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ያልኳት ሌላ ነው።

"አልማዝ፣ እናንተ ዘንድ የለቅሶ ዜማ ያለ ለቅሶ ይዜማል?"

ነጠላዋን ገልጣ አየችኝ።

"ታሪኩ የአያቱን ለቅሶ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ከትቶ፣ እኔ ቤት ውስጥ ሆነው ይስቁበታል። ይህ ጎሜ አይደለም ወይ?"

በጋሞዎች ዘንድ ጎሜ የአባቶችን ሥርዓት መተላለፍ ነው። ጎሜ የሠራ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ካልተናዘዘ ከብት ይሞታል፣ ቤተሰብ ይታመማል ይላሉ። አልማዝ እንደ እኔ የምትጾምና የምትቆርብ ሴት ናት፤ ቢሆንም ቃሉን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እኔ በጎሜ አላምንም። ያንን ዜማ በዘፈን ውስጥ ማስገባት ጎሜ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ማንንም አልጠየቅሁም። እሷ የምትፈራውን ቃል ስለማውቅ ብቻ እሱን መርጬ ተናገርኩ። ጎሜ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይስቁበታል ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጆቹ አንድም ቀን ስቀውበት አያውቁም፤ እንዲያውም ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ጾም ላይ ነበርኩ። ወተት ያልነካው አፌ ይህን ተናገረ።

"እኔ እንዳልኩሽ ለማንም አትናገሪ" አልኳት።

"እሺ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ይስጥዎት" ብላ ጉልበቴን ሳመች።

ባሏን ጤና ጣቢያ ወሰዱትና መድኃኒት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ታሪኩን ዶርዜ ይዘውት ወጡ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ በአያቴ ለቅሶ ቀልጃለሁ ብሎ ተናዘዘ። ያላደረገውን ተናዘዘ። ከእንግዲህ አላዜምም የሚለውን ሽማግሌዎቹ አልጠየቁትም፤ ከራሱ የጨመረው ነው። ከዶርዜ ሲመለስ አባቱን ላብ አጥምቆት፣ ትኩሳቱ ለቆት፣ ተነሥቶ ተቀምጦ አገኘው። ያዳነው መድኃኒቱ ነው። ታሪኩ ግን አባቴን ያዳነው የእኔ አለማዜም ነው ብሎ አመነ። እንዲህ አይደለም ሊለው የሚችል ማን ነበር? እኔ ብቻ።

ቅዳሜ ማምሻውን ለጓደኞቹ ሊነግራቸው መጣ። ማጀት ሆኜ እሰማለሁ።

"አብደሃል እንዴ?" ብሎ ጮኸ ዮናስ። "ያለ አንተ ምንድን ነን?"

"ሦስት ምንጮች" አለ ታሪኩ።

ማንም አልሳቀም።

ሦስቱ አዲስ አበባ ሄደው በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። ዮናስ ሲመለስ ደብተሩን አነሣ፤ ፈተናውንም አለፈ። ዛሬ ፋርማሲስት ነው፤ እሑድ እሑድ ይዘምራል። ሰዎች የታደልሽ እናት ነሽ ይሉኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ። ምስጋናዬ የውሸት አይደለም። የታሪኩ አባት ለዮናስ የሠራለት የአንገት ልብስ ግን ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ዛሬም አልደበዘዘም። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ከሌላው ልብስ ሥር አደርገዋለሁ።

ታሪኩ ትምህርቱን ትቶ የአባቱን ሥራ ያዘ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ታች ሲቀላ ሰፈር በአንድ ጓደኛው ሠርግ ላይ ለምነው ለምነው አንድ ዘፈን አዘፈኑት። በዚያው ዓመት አባቱ በልብ ሕመም ሞተ። ለቀብሩ ዶርዜ ወጣሁ። ወንዶቹ ያንን ዜማ አነሡ፣ ከሥር ያዙት፤ ከላይ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ግን አልመጣም። ታሪኩ መካከላቸው ቆሞ አፉን ገጥሟል። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ለገዛ አባቱ አላዜመም። ሠርግ ላይ ዘፍኜ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ እንደሚያምን ያን ጊዜ ገባኝ።

ያን ጊዜስ ለምን አልተናገርኩም? ሰው ሞቷል፤ ልጁ በቁሙ እየተቀጣ ነው፤ እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ዮናስ ይሰማል ብዬ ነው። በበልጉም ምክንያቴ ይኸው ነበር፤ በቀብሩም ያው ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ባገኝም አልጽፈውም።

ዘንድሮ ጋቢ ላሠራ ታሪኩ ቤት ሄድኩ። ትንሿ ልጁ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብላ ድውር እየነካካች ታንጎራጉራለች። ድምፁን ወስዳለች። ታሪኩ መወርወሪያውን ጣለና አፏን በእጁ ከደነው። "ዝም በይ፣ ልጄ። ዝም በይ" አላት። አልተቆጣም፤ ፈርቶ ነበር። ልጅቱ ከእጁ በላይ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ጋቢውን ሳላዝዝ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ዮናስንና ታሪኩን ቤቴ ጠርቼ እዚህ የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ዮናስ ሳልጨርስ ተነሣ። "እኔን ብትከለክይኝ ምን ነበረበት፣ እማ?" አለኝ። ወጣ፤ እስካሁን አልደወለልኝም። አልፈርድበትም። ታሪኩ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ስለዚህ አባቴ በእኔ አልሞተም?" አለ።

"በአንተ አልሞተም።"

"ያኔም ያመመው በእኔ አልነበረም?"

"ወባ ነበር። አውቅ ነበር።"

"ስቀውበታል ያሉትስ?"

"ዋሽቼ ነው።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እትዬ፣ እዚህ ቤት መጥቼ አልዘፍንም ባልኩ ማግስት ሆሳዕና ነበር" አለኝ። "እርስዎ የዘንባባ ቀለበት ይዘውልኝ መጡ። ሲያስሩልኝ ምን እያሰቡ ነበር?"

ጥቂት ጠብቆኝ ተነሣ፤ ደህና ዋሉ ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ይቅር በለኝ ማለት አንድ ነገር ስጠኝ ማለት ሆኖ ታየኝ፤ ከእሱ የወሰድኩት ይበቃል። ለጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። ፊት ለፊት ያልወጣኝን እዚህ ልጻፈው።

ታሪኩ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ሻማ አበራሁ። ካህናቱ ዘንባባ ይዘው ሲዞሩ ከሴቶቹ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እልል አልኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት "ምን አግኝተሽ ነው?" አለችኝ። "ልጄ ተመለሰልኝ" አልኳት። ከዚያ እንደየዓመቱ ለሁለታችሁም ቀለበት ሠርቼ መጣሁ። አንተ አጥሩ ሥር ብቻህን ተቀምጠህ ነበር። ጣትህን ዘረጋህልኝ፤ አሰርኩልህ። ስለ አንተ ምንም አላሰብኩም። በልቤ ተመስገን እያልኩ ነበር። አንተም እጄን ሳምከኝ።